መቼ ይግባ? መቼ ይውጣ? (የዋሽንግተን ኳርተርባኮች ነገር)

በዋሽንግተን ከተማና በዙሪያዋ ለምንኖር ሰዎች መስከረም በጠባ ቁጥር አብሮ የሚጠባ አንድ ክርክር አለ። የአሜሪካ ፉትቦል ውድድር የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነውና፣ የከተማው ቡድን ከዩኒቨርሲቲ ያመጣው አዲስ ኳርተርባክ ካለ፣ «ይህ ልጅ አሁኑኑ ይግባ ወይስ አንድ ሁለት ዓመት ተቀምጦ ይይ?» የሚለው ጥያቄ ከታክሲ ተራው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ይነሣል። ጨዋታው በአብዛኛው እሑድ ከቀትር በኋላ በ7 ሰዓት ስለሚጀመር ከቅዳሴ ወጥቶ ለሚጣደፍ ሰው ይደርስለታል። በእግር ኳስ ያደግነው ሐበሾች እንኳ ከጊዜ ብዛት ወገን ለይተን እንሟገትበታለን።

እኔ ይህን ክርክር ለዓመታት ሳዳምጥ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ኖሯል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ልጁ መቼ እንደሚገባ ነው። መቼ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያስወጣውና በምን ምክንያት እንደሚያስወጣው የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። የዚህን ከተማ ቡድን ታሪክ ወደ ኋላ ሄጄ ስመረምረው፣ ወጣቶቹን ያበሰላቸውም ያጠፋቸውም ብዙውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሷን የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ ቢያንስ 10 ያርድ ወደፊት መግፋት አለበት፤ ካልሆነለት ኳሷን ያስረክባል። ሙከራው ሲጀመር ኳሷ በቅድሚያ የምትገባው ከኳርተርባኩ እጅ ነው። እሱም ይወረውራታል፣ ለሯጭ ያቀብላታል፣ ወይም ራሱ ይዟት ይሮጣል። ሲነገር ቀላል ይመስላል። በአንዱ ሙከራና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ግን 40 ሴኮንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ልጁ በራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመች ሬዲዮ ከአሰልጣኙ የጨዋታውን ስም ይሰማል፤ ስሙ ራሱ አንዳንዴ ከ10 ቃላት በላይ ነው። ለ10 ጓደኞቹ ሳይሳሳት ይደግመዋል። ከዚያ የባላጋራውን አቋቋም አይቶ፣ «ከቀኝ ሊመጡብኝ ነው፤ ያ ከኋላ የቆመው ሰው ደግሞ ሊያታልለኝ ነው» ብሎ ገምቶ፣ ካስፈለገ ሁሉን ነገር እዚያው ቆሞ ይለውጣል። ሬዲዮዋ 15 ሴኮንድ ሲቀር ትዘጋለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ብቻውን ነው። ኳሷ ከተነሣች በኋላ ያለው ጊዜም ከ3 ሴኮንድ ብዙ አይዘልም፤ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች እየተንደረደሩበት ነውና።

ስለዚህ ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። «ይይ» ባዩ፣ ይህን ሁሉ ሸክም ባልለመደ ልጅ ላይ በአንድ ጊዜ መጫን ግፍ ነው፤ ነባሩ ኳርተርባክ ሳምንቱን እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ፊልም እንዴት እንደሚያይ፣ የተሸነፈ ማግስት እንዴት እንደሚውል ከጎኑ ሆኖ ይማር ይላል። «ይግባ» ባዩ ደግሞ፣ ከሾፌር ጎን ተቀምጦ አገር ያካለለ ረዳት መሪ የጨበጠ ዕለት ላቡ እንደሚያጠምቀው ሁሉ፣ ይህም ሥራ በመቀመጥ አይለመድም ባይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በሳምንቱ ልምምድ ኳሷን የሚይዘው በአብዛኛው ቋሚው ተሰላፊ ነው። ተጠባባቂው የሚመጣውን ባላጋራ ቡድን እየመሰለ ለራሱ ቡድን ተከላካዮች መለማመጃ ይሆናል፤ ማለትም የሌላውን ሰው ጨዋታ ሲጫወት ይሰነብታል። ከ2011 ወዲህ ደግሞ ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ተስማምተው፣ በመደበኛው የውድድር ወቅት ሙሉ ትጥቅ ተለብሶ የሚደረገው ልምምድ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ስለወሰኑ፣ ለተጠባባቂው የሚተርፈው ከቀድሞው ያነሰ ሆኗል። «ተቀምጦ ይማር» ሲባል እንግዲህ ምን እያየ ነው የሚማረው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የዋሽንግተን ታሪክ የሚከፈተው ለ«ይግባ» ባዮች በሚያደላ ምስክር ነው። ቡድኑ ከቦስተን ወደ ዋና ከተማዋ የተዛወረው በ1937 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ሳሚ ባው የሚባል የቴክሳስ ወጣት አስፈረመ። ባው ማንንም ተቀምጦ ሳያይ ገባ። ዲሴምበር 12 ቀን 1937 ቺካጎ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ 3 ኳሶችን ለታችዳውን ወርውሮ የቺካጎን ቡድን በገዛ ከተማው 28 ለ21 አስረታ።

ይሁንና የባውን ነገር እዚህ ላይ ማቆም ማጭበርበር ይሆናል። በዚያ ዘመን በነበረው አሰላለፍ ኳሷ በረጅሙ ተወርውራ የምትደርሰው ከጀርባ ርቆ ለቆመ ሰው ነበር፤ ሥራውም ዛሬ ኳርተርባክ ከምንለው ይለያል። የዛሬው ዓይነት ሥራ ዋሽንግተን የደረሰው በ1944፣ ቡድኑ «ቲ» የሚባለውን አሰላለፍ ሲቀበል ነው። ባው ያኔ 30 ዓመት ሞልቶታል፤ ስሙም በአገሪቱ ገኗል። ሆኖም እንደ አዲስ ጀማሪ ተቸገረ፤ በዚያ ዓመት ከፍራንክ ፊልቾክ ጋር እየተፈራረቀ ተጫወተ። ይገባል፣ ይወጣል፣ ዳር ቆሞ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። በሚቀጥለው ዓመት በ1945 ከወረወራቸው ኳሶች 70.3 በመቶው ከጓደኞቹ እጅ ገቡ፤ ይህ ክብረ ወሰን እስከ 1982 ድረስ የሚሰብረው አልተገኘም። ሰዎች ከባው ታሪክ የ1937ቱን ዋንጫ ያነሣሉ። እኔ የምወደው የ1944ን ዓመት ነው። መውጣት ያልጎዳው ተመልሶ እንደሚገባ ስላወቀ ይመስለኛል።

ቡድኑ በ1942 ሁለተኛ ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ ለ40 ዓመታት ዋንጫ አላየም። ያን ድርቅ የሰበሩት አሰልጣኝ ጆ ጊብስ ሲሆኑ፣ 3 ጊዜ ሱፐር ቦውል ያሸነፉት በ3 የተለያዩ ኳርተርባኮች ነው። ይህ ታሪክ በ«ይይ» ባዮች ዘንድ እንደ ዳዊት የሚደገም ነው። የመጀመሪያው ጆ ታይስማን በ1971 በማያሚ ቢመረጥም ወደ ካናዳ ሄዶ 3 ዓመት ተጫወተና በ1974 ዋሽንግተን ገባ። ከፊቱ ሶኒ ጀርገንሰንና ቢሊ ኪልመር የሚባሉ ሁለት አንጋፋዎች ተቀምጠዋል። መቀመጥ የሰለቸው ታይስማን ባላጋራው በእግሩ የሚለጋትን ኳስ ተቀብሎ የመሮጡን ሥራ ወሰደ፤ ይህ ሥራ ሌላ ኳርተርባክ የማይመኘው አጥንት ሰባሪ ሥራ ነው። ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በ1978፣ ዋንጫ ያነሣው ጃንዋሪ 30 ቀን 1983 ነው። የመጨረሻው ማርክ ሪፒን ደግሞ በ1986 በ6ኛው ዙር ተመርጦ፣ 1986ንም 1987ንም በጉዳተኞች ዝርዝር ላይ ተጽፎ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ አሳለፈ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1992 የሱፐር ቦውሉ ኮከብ ተባለ።

መልካም። ነገር ግን ሪፒን የገባው ምን ውስጥ እንደሆነ ይታይ። ከኳርተርባኩ ፊት አጥር ሆነው የሚቆሙትን ግዙፍ ሰዎች የዋሽንግተን ሕዝብ በፍቅር «ዐሣማዎቹ» ይላቸው ነበር። በ1991 የውድድር ዘመን በ16ቱ መደበኛ ጨዋታዎች የቡድኑ ኳርተርባክ ኳሷን እንደያዘ መሬት ላይ የተጣለው 9 ጊዜ ብቻ ነው። በ2002 አዲስ የተቋቋመው የሂዩስተን ቡድን ዴቪድ ካር የሚባለውን ጀማሪ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አሰለፈው፤ በአንድ የውድድር ዘመን 76 ጊዜ ተጣለ። ካር ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበትን ያህል ሳይሆን ቀረ። ከዚህ ተነሥቶ «ቶሎ መግባት አጠፋው» የሚል ሰው፣ ሪፒንን ከካር ቦታ፣ ካርን ከሪፒን ቦታ አስቀምጦ አንድ ጊዜ ያስብ።

የጊብስ መካከለኛው ኳርተርባክ ዳግ ዊልያምስ ነው፤ የእሱ ነገር ከሁለቱ ተለይቶ መነገር አለበት። ምክንያቱም «ተቀምጦ ማየት» ለጥቁር ኳርተርባኮች ለረጅም ጊዜ ትምህርት ሳይሆን የተዘጋ በር ነበር። ከሊጉ ቡድኖች ሁሉ ጥቁር ተጫዋች በመቀበል የመጨረሻው ዋሽንግተን ነው። ባለቤቱ ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል አሻፈረኝ ብለው ኖረው፣ በ1961 የመንግሥት መሬት አስተዳዳሪ የሆነው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል፣ አዲሱ ስታዲየም የቆመው በመንግሥት መሬት ላይ መሆኑን አስታውሰው ስላስጠነቀቋቸው፣ ቦቢ ሚቸልና ሌሎቹ በ1962 ገቡ። ኳርተርባክነት ግን ከዚያም በኋላ ለጥቁሮች አይሆንም ይባል ነበር። በ1968 ዴንቨር ውስጥ ማርሊን ብሪስኮ የሚባል ጥቁር ወጣት በሌሎች መጎዳት ምክንያት ገብቶ 14 ኳሶችን ለታችዳውን ወረወረ። በሚቀጥለው ዓመት በኳርተርባክነት የሚያሰልፈው ጠፋ፤ ቡፋሎ ሄዶ ኳስ ተቀባይ ሆነ። ገብቷል፤ ችሏል፤ ወጥቷል። ይህን የመሰለውን መውጣት ከየትኛው ወገን ክርክር ጋር እንደምናስቀምጠው አላውቅም።

ዊልያምስ በ1978 በታምፓ ቤይ በመጀመሪያው ዙር ተመርጦ ወዲያው ተሰለፈ፤ በሁለተኛ ዓመቱም ለማንም የማይመች የነበረውን ቡድን ከሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ብቻ ወደሚቀረው ደረጃ አደረሰው። በደመወዝ ሳይስማማ ወጥቶ በሌላ ሊግ ሲንከራተት ከቆየ በኋላ፣ ታምፓ ሳለ ያሠለጥኑት የነበሩት ጊብስ በ1986 ለተጠባባቂነት ወደ ዋሽንግተን ጠሩት። በዚያ ዓመት የወረወረው ኳስ 1 ብቻ ነው። ቋሚው ጄይ ሽሮደር በ1987 መዋዠቅ ሲጀምር እየገባ አዳነው፤ ለጥሎ ማለፉ ቦታውን ተረከበ። ጃንዋሪ 31 ቀን 1988 ከዴንቨር ጋር በተደረገው ሱፐር ቦውል ቡድኑ 10 ለ0 ይመራ ነበር፤ ዊልያምስም ጉልበቱን ታሞ ለጥቂት ጊዜ ወጣ። ተመልሶ ገባና በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ 4 ታችዳውን ወረወረ፤ 42 ለ10 አለቀ። በ32 ዓመቱ ሱፐር ቦውል ተሰልፎ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሆነ። ዊልያምስ ወንበር ላይ ሆኖ የተማረው ጨዋታ አልነበረም፤ ጨዋታውንማ ከ10 ዓመት በፊት ያውቀዋል።

አሁን ወደ 1994 እንለፍ። ጊብስ ሄደዋል። አዲሱ አሰልጣኝ ኖርቭ ተርነር ከዳላስ መጥተዋል። ቡድኑ በምርጫው በ3ኛ ደረጃ ከቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ ሂዝ ሹለርን ወሰደ፤ በዚያው ምርጫ በ7ኛው ዙር፣ በ197ኛ ደረጃ ደግሞ ገስ ፈሮት የሚባል ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጅ ጨመረ። ሹለር በውል ድርድር ምክንያት የዝግጅት ልምምዱን ከፊሉን ሳይገኝ ቀረ። ከገባ በኋላም አልቀናውም፤ ኦክቶበር 16 ከአሪዞና ጋር በተደረገው ጨዋታ 5 ኳሶች ተጠለፉበት። በሚቀጥለው ሳምንት ፈሮት ገብቶ ኢንዲያናፖሊስን 41 ለ27 አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ዋሽንግተን ለሁለት ተከፈለች። ሹለር ሲሳሳት ሕዝቡ ፈሮትን ይጠራል፤ ፈሮት ሲሳሳት ባለገንዘቡ ልጅ ለምን ይቀመጣል ይባላል። በ1996 ቦታው የፈሮት ሆነ፤ ሹለር በ1997 ወደ ኒው ኦርሊንስ ተሸኘ። ኋላ ከ2007 እስከ 2013 በአሜሪካ ምክር ቤት የሰሜን ካሮላይና ተወካይ ሆኖ ወደዚያችው ከተማ ተመልሷል፤ በዚህኛው ወንበር የተሻለ ሳይረጋጋ አልቀረም።

ተርነር ሹለርን ለመታገሥ የሞከሩት ዳላስ ውስጥ ያዩትን ይዘው ይመስለኛል። ዳላስ በ1989 ትሮይ ኤክማንን በ1ኛ ደረጃ መርጦ አሰለፈው፤ ኤክማን በዚያ ዓመት በተሰለፈባቸው 11 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። ቡድኑ ያሸነፈው 1 ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ያም ኤክማን ተጎድቶ ስቲቭ ዋልሽ የሚባል ሌላ ጀማሪ በተካው ጊዜ ነው። (የተሸነፈው ባላጋራ ማን ነበር? ዋሽንግተን።) በዚያች ድል ተነሥቶ ኤክማንን መጣል ይቻል ነበር። አልጣሉትም፤ ይልቁንም ዋልሽን በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ቡድን ሰጡት። ኤክማን 3 ሱፐር ቦውል አሸነፈ። እንዲሁም ፔይተን ማኒንግ በ1998 ለኢንዲያናፖሊስ በገባበት ዓመት 28 ኳሶች ተጠለፉበት፤ ቡድኑ 13 ጊዜ ተሸነፈ፤ ማኒንግ ግን አንድም ጨዋታ አልቀረም። ተርነር ይህን ትዕግሥት ከዳላስ ቢያመጡትም ከተማዋ የዳላስን ያህል ጊዜ አልሰጠቻቸውም።

እንግዲህ ስለ ዋሽንግተን ስናገር ለመድረስ የምጣደፈው ወደ 2012 ነው። ምክንያቱም ታሪክ እንደ ቤተ ሙከራ አንድን ነገር ደግሞ አያሳይም ይባላል፤ ዋሽንግተን ግን የ1994ን ነገር በ18 ዓመቱ ደገመችው። ቡድኑ 3 የመጀመሪያ ዙርና 1 የሁለተኛ ዙር ምርጫዎችን ለሴንት ሉዊስ ሰጥቶ በ2ኛ ደረጃ ሮበርት ግሪፊንን ወሰደ። ከሁለት ቀን በኋላ በ4ኛው ዙር፣ በ102ኛ ደረጃ ከሚሺጋን ስቴት ኩርክ ከዝንስን ጨመረ። አንድ ቡድን፣ አንድ ዓመት፣ አንድ አሰልጣኝ፤ አንዱ ገባ፣ አንዱ ተቀመጠ።

ግሪፊን እንደ መብረቅ ገባ። አሰልጣኞቹ ማይክ ሻናሃንና ልጃቸው ካይል የዩኒቨርሲቲውን ጨዋታ እንዲተው አላስገደዱትም፤ የራሳቸውን ጨዋታ ለእሱ እግር ሰፉለት። በዚያ ዓመት 20 ታችዳውን ወረወረ፤ የተጠለፉበት 5 ብቻ ናቸው፤ በእግሩም 815 ያርድ ሮጠ። 3 አሸንፎ 6 ተሸንፎ የነበረው ቡድን ቀሪዎቹን 7 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸንፎ ከ1999 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምድቡ አንደኛ ሆነ። ያን መኸር በከተማው የነበረ ሰው 10 ቁጥር ማልያ ያላየበት የመኪና ማቆሚያ አልነበረም። በዲሴምበር ከባልቲሞር ጋር ሲጫወቱ ግሪፊን ጉልበቱን ተመታ። ከዝንስ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ያለ ምንም ማሟሟቂያ፣ ታችዳውን ወረወረና በእግሩ ሮጦ ውጤቱን እኩል አደረገ፤ በጭማሪ ሰዓት አሸነፉ። በሚቀጥለው ሳምንት ክሊቭላንድ ላይ ተሰልፎ 38 ለ21 ረታ። «ይይ» ባዮች «አላልናችሁም?» አሉ።

ጃንዋሪ 6 ቀን 2013 ዋሽንግተን በገዛ ሜዳው ላንዶቨር ላይ ሲያትልን ገጠመ። ግሪፊን ጉልበቱን በድጋፍ አስሮ ተሰልፏል። ቡድኑ ገና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 14 ለ0 መራ፤ ነገር ግን በዚያው ክፍለ ጊዜ አንድ ኳስ ሲወረውር ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ። ከዚያ ወዲያ እያነከሰ ነበር። ሜዳው የተጎሳቆለ፣ ሣሩ የተነቀለ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ያነክሳል፤ በሦስተኛው ያነክሳል። ከ80 ሺህ በላይ ሕዝብ ያያል፤ በቴሌቪዥን የምናየው ሁሉ እናያለን። ከዝንስ የራስ ቁሩን ይዞ ዳር ቆሟል። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ አንዲት የተበላሸች ኳስ ለማንሣት ሲዞር ጉልበቱ ወደማይሆንበት ታጠፈ። ሲያትል 24 ለ14 አሸነፈ። ሁለት የጉልበት ጅማቶች ተበጥሰዋል። ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ ልጁ ራሱ ልቀጥል እንዳላቸው ተናገሩ፤ ግሪፊንም መውጣት አለመፈለጉን አልካደም። የ22 ዓመት ጎበዝ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ስሙን እየጠራ፣ «አሞኛልና ልውጣ» እንዲል መጠበቅ ከሰው ተፈጥሮ ጋር መጣላት ነው። ስለዚህም ነው የመውጣቱ ነገር ለልጁ የማይተወው።

ብዙዎች ይህን ታሪክ «ገና ሳይበስል አስገብተው አጠፉት» ብለው ይተርኩታል። እኔ አልቀበለውም። ግሪፊን በመግባቱ አልተጎዳም፤ በመግባቱ ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተብሏል። የጎዳው በዚያች ቀን ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በ2013 ሳያገግም ተመልሶ ገባ፤ ቡድኑ 13 ጊዜ ተሸነፈ፤ በመጨረሻዎቹ 3 ጨዋታዎች አስቀመጡት። ሩጫው ከእግሩ ተወስዷል፤ በሩጫው ምትክ የሚሆነውን ነገር ለመማር ደግሞ ጸጥታ አልነበረም።

ከዝንስስ? እዚህ ላይ የ«ይይ» ባዮች ታሪክም ይጎረብጣል። በ2013 መጨረሻ የተሰለፈባቸውን 3 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በ2014 ግሪፊን ቁርጭምጭሚቱ ሲወልቅ እንደገና ገባ፤ በአንድ ምሽት ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር 4 ኳሶች ተጠለፉበት፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጨዋታ እኩሌታ አስወጡት። ሦስት ዓመት ያህል አይቶ፣ ሲገባ እንዲህ ሆነ። አሰልጣኙ ጄይ ግሩደን በ2015 መግቢያ ላይ ቦታውን ለከዝንስ ሲሰጡ ብዙ ሰው ሳቀ። በመጀመሪያዎቹ 6 ጨዋታዎች 6 ታችዳውን ወርውሮ 8 ተጠለፈበት። ከዚህ በፊት በነበረው ልማድ ይህ የመውጫ ሰዓቱ ነበር። ግሩደን አላስወጡትም። ኦክቶበር 25 ቀን 2015 ከታምፓ ቤይ ጋር 24 ለ0 ሲመሩ እንኳ አላስወጡትም፤ ጨዋታው 31 ለ30 በዋሽንግተን አሸናፊነት አለቀ። ከታምፓው ጨዋታ ጀምሮ እስከ ውድድሩ ፍጻሜ 23 ታችዳውን ወረወረ፤ የተጠለፉበት 3 ናቸው። በዓመቱ 4,166 ያርድ በመወርወር በቡድኑ ታሪክ ያልታየ ሠራ። ያን ዓመት በሙሉ አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ ተቀምጦ ያየው ግሪፊን ነው።

ከዝንስ ይህን ዕድል ለምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ይገባል። እኔ እንደሚመስለኝ ርካሽ ስለነበረ ነው። ሪፒን የ6ኛ፣ ፈሮት የ7ኛ፣ ከዝንስ የ4ኛ ዙር ልጆች ናቸው፤ ማንም ከእነሱ ምንም ስላልጠበቀ ቢወጡም አያዋርዳቸውም፣ ቢገቡም አያስቸኩላቸውም። ውዱ ልጅ ግን ከገባ መውጣቱ የባለቤቱ ውርደት ነው፤ ካልገባም መቀመጡ ኪሣራ ነው። ይህ ሒሳብ ደግሞ ከ2011 ወዲህ ተጠናክሯል። በ2010 በ1ኛ ደረጃ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ አንድ ኳስ ሳይወረውር የ6 ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ2011 የጀማሪዎች ደመወዝ ጣሪያ ተደረገበትና ካም ኒውተን በተመሳሳይ ደረጃ ተመርጦ የፈረመው የ4 ዓመት ወደ 22 ሚሊዮን ዶላር ነው። ደመወዙ ሲቀንስ ልጆቹ ተረጋግተው የሚማሩ መስሎን ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። አራቱ ርካሽ ዓመታት በወንበር ላይ እንዳያልቁ ተብሎ ልጆቹ ቶሎ ይገባሉ። ስለ ልጅ አስተዳደግ የምንከራከር ሲመስለን ነገሩን የቆረጠው ሒሳብ ሠራተኛው ነው።

ለ«ይይ» ባዮች የቀራቸው ትልቅ ምስክር ከሌላ ከተማ ነው። አሮን ሮጀርስ ግሪን ቤይ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ 3 የውድድር ዘመን ከብሬት ፋቭ ኋላ ተቀመጠ፤ ፓትሪክ ማሆምስ በ2017 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከአሌክስ ስሚዝ ኋላ አንድ ዓመት ተቀምጦ በሚቀጥለው ዓመት 50 ታችዳውን ወረወረ። ሁለቱም ቡድኖች ግን ልጆቹን የወሰዱት የሚያሸንፍ ኳርተርባክ ይዘው ሳለ ነው። ከ2ኛ ደረጃ ላይ የሚመርጥ ቡድን እንዲህ ያለ ሰው የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ እዚያ ደረጃ ላይ አይገኝም ነበር።

ዋሽንግተን ሬድስኪንስ የሚባለውን፣ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ያዋርዳል ተብሎ ሲወገዝ የኖረውን ስሙን በ2020 ትቶ በ2022 ኮማንደርስ ተባለ፤ በ2023 ባለቤቱም ተለወጠ። በ2024 እንደገና በ2ኛ ደረጃ ጄይደን ዳንኤልስን መረጠ። ክርክሩ በከተማው ከመነሣቱ በፊት ልጁ ገባ። 12 ጨዋታ አሸንፎ 5 ተሸነፈ፤ ከ2005 የውድድር ዘመን ወዲህ ያልታየ የጥሎ ማለፍ ድል አመጣ፤ ታምፓ ቤይንና ዲትሮይትን አሸንፎ ከሱፐር ቦውል በፊት ባለው ጨዋታ በፊላደልፊያ 55 ለ23 ተረታ። «ይግባ» ባዮች ደስታቸውን አልቻሉትም። ዳንኤልስ ግን ጀማሪ የሚባለው በስም ነው። በአሪዞና ስቴትና በሉዊዚያና ስቴት 5 ዓመት ተጫውቶ 23 ዓመት ሞልቶት ነው የመጣው፤ ዓይን ላይ በሚደረግ መነጽር የባላጋራን አቋቋም ከእውነተኛው ጨዋታ በፈጠነ ፍጥነት እያሳየ በሚያሠለጥን መሣሪያም ሲለማመድ ነበር። ማየትም መጫወትም ነበረው። ከኋላው በተጠባባቂነት የተቀመጠው ማርከስ ማሪዮታ ደግሞ በ2015 ራሱ በ2ኛ ደረጃ ተመርጦ ቴኔሲ ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን የገባ፣ በ2019 ከቦታው የወጣ ሰው ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚያወሩ ብሰማ ደስ ይለኛል።

ኖቬምበር 2 ቀን 2025 ምሽት፣ እዚያው ላንዶቨር፣ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ባላጋራው ያው ሲያትል ነበር። ዳንኤልስ ከጉዳት ተመልሶ የተሰለፈው በዚያ ቀን ነው። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ሲያትል 38 ለ7 እየመራ፣ ጨዋታው ለማንም የማያጠራጥር ሆኖ ሳለ ዳንኤልስ ገና ሜዳ ላይ ነበር። ሲወድቅ በግራ እጁ መሬቱን ደገፈ፤ ክርኑ ወለቀ። አሰልጣኙ ዳን ክዊን እስከዚያ ሰዓት ሳያስወጡት በመቆየታቸው ኃላፊነቱ የራሳቸው መሆኑን ተናገሩ። ማሪዮታ የራስ ቁሩን አጥልቆ ገባ።